ከትምህርት ቤት ደጅ እስከ ገዛ ጎጆ

(በደብሩ የኢዮቤልዩ በዓል ለካህናትና ለምእመናን የተነገረ ቃል)



ኢዮቤልዩ ማለት በኦሪት ሕግ እንደ ታዘዘ፥ ሰባት ጊዜ ሰባት ዓመት ከተቈጠረ በኋላ የሚመጣው አምሳኛው ዓመት ነው። በዚያ ዓመት መለከት ይነፋ ነበር፤ ርስቱን የሸጠ ሰው ወደ ርስቱ ይመለስ ነበር፤ ለባርነት ያደረውም አርነት ወጥቶ ወደ ወገኑ ይገባ ነበር። እንግዲህ የበዓሉ አንዱ ምሥጢር ሰው ለራሱ ባለቤት መሆኑ ነው። ስለዚህ ይህ ደብር ዓመታቱን ቈጥሮ በሚያከብርበት በዛሬው ቀን፥ ለራሳቸው ባለቤት ለመሆን በደጅ ስለ ቆሙት ልጆች ይነገር ዘንድ የተገባ ነው። እነዚህም የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ጨርሰው፥ የአባታቸውን ቤት ሳይለቁ፥ የራሳቸውንም ሳያቆሙ፥ በሁለቱ መካከል ያሉት ወጣቶች ናቸው።

በባሕር ዳር ከተማ በየዓመቱ ይህ ነገር በየቤቱ ይታያል። ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ማለዳ ደብተሩን ይዞ ይወጣ የነበረ ልጅ፥ አንድ ቀን የሚወጣበት ምክንያት ያጣል። እናቱ ቁርሱን ታቀርብለታለች፤ አባቱ ምንም አይለውም፤ ዝምታው ግን ከተግሣጽ ይልቅ ይከብደዋል። ጎረቤት መጥቶ «ውጤቱስ እንዴት ሆነ?» ብሎ የጠየቀ እንደ ሆነ ልጁ ወደ ጓዳ ይገባል። ሲመሽም ከመሰሎቹ ጋራ ወደ ጣና ዳር ወርዶ፥ ውኃውን እያየ ይቀመጣል። ትናንት ተማሪ ይባል ነበር፤ ዛሬ ግን የሚጠራበት ስም የለውም። ስም የሌለው ሰው ደግሞ ማንም በፈለገው ስም ሊጠራው ይችላልና፥ አደጋው ከዚህ ይጀምራል።

ነገሩ የአንድ ቤት ችግር ብቻ እንዳይመስል ቍጥሩን መመልከት ያሻል። የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ መሰጠት የጀመረው በጥቅምት 2015 ዓ. ም. ነው። ያን ጊዜ በመላው ኢትዮጵያ ከተፈተኑት ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኙት 30 ሺህ ያህል ብቻ ነበሩ፤ ይኸውም ከመቶው 3.3 ነው። በዚያው በ2015 ዓ. ም. ማብቂያ በተሰጠው ፈተና ከመቶው 3.2፥ በ2016 ዓ. ም. 5.4፥ በ2017 ዓ. ም. 8.4 ሆነ። ቍጥሩ ከፍ ማለቱ ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን በ2017 ዓ. ም. እንኳ ከመቶ ልጆች ከዘጠና የሚበልጡት ከዚያ ነጥብ በታች ቀርተዋል። ከእነዚህም ከፊሎቹ በማካካሻ ትምህርት ሁለተኛ ዕድል አግኝተዋል፤ ብዙዎቹ ግን ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል። በዚህም ላይ ከ2015 ዓ. ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች ስለ ተዘጉ፥ ዕድሜያቸው ደርሶ ትምህርታቸው ያልደረሰ ልጆች በዝተዋል።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። ከመቶው ዘጠናው ወዴት ይሂድ? የሚሄድበትስ መንገድ ስንቁ ምንድር ነው?

የቀደሙት አባቶች ለዚህ ጥያቄ አንድ መልስ ነበራቸው። በጎጃምና በበጌምድር፥ በጣናም ዙሪያ ባሉ አድባራትና ገዳማት፥ ልጅ ከአባቱ ቤት የሚወጣበት የታወቀ መንገድ ነበረ፤ ዛሬም ጨርሶ አልጠፋም። ልጁ ንባቡንና ዳዊቱን በአጥቢያው ከጨረሰ በኋላ፥ ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቶ፥ ዱላውን ይዞ ወደማያውቀው አገር ይሄዳል። ቅኔ የሚሻ ወደ ዋሸራ ወይም ወደ ጎንጅ፥ ድጓ የሚሻ ወደ ቤተ ልሔም፥ ዝማሬና መዋሥዕት የሚሻ ወደ ዙር አምባ ይጓዛል። በደረሰበትም አገር እናት አታበስልለትም፤ አባት አይከፍልለትም። ጎጆውን ከጓደኞቹ ጋራ በገዛ እጁ ይሠራል፤ ውኃ ይቀዳል፤ እንጨት ይለቅማል፤ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ የለመነውን ቍራሽ ለክፉ ቀን አድርቆ ያስቀምጣል። ታላቁ ተማሪ ታናሹን ያስጠናል፤ የታመመውን ያልታመመው ያስታምማል።

ይህ ኑሮ ዜማና ቅኔ ብቻ አላስተማረም። ልጁ ያለውን እህል ለስንት ቀን እንደሚያደርስ ማስላትን፥ ከማያውቀው ሰው ጋራ በአንድ ጎጆ ማደርን፥ ለምኖ መሰደብንና ስድቡን ችሎ ማለፍን፥ ከመምህሩ ፊት በጊዜው መገኘትን ዐብሮ ተማረ። ከዓመታት በኋላ ወደ አገሩ ሲመለስ ሰው ሆኖ ይመለሳል። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ በጎጃም የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤቶች ካለፉ በኋላ ነው ወደ አዲስ አበባ ሄደው ዘመናዊውን ትምህርት የተማሩት፤ «ፍቅር እስከ መቃብር» በተባለው መጽሐፋቸውም የዚህን የተማሪ ኑሮ መልክ ትተውልን አልፈዋል።

በቅኔ ቤት ሥርዐት ውስጥ ለዛሬው ወጣት ሁለት ትምህርቶች አሉ። የመጀመሪያው የደረጃ ነገር ነው። ቅኔ ተማሪ የሚጀምረው ሁለት ቤት ብቻ ካለው ከጉባኤ ቃና ነው። ከዚያ ወደ ዘአምላኪየና ወደ ሚበዝኁ፥ ከዚያም ወደ ዋዜማና ወደ ሥላሴ እያለ ይወጣል፤ ስምንት ቤት ያለውን መወድስ የሚደፍረው ታች ያለው ሲጸናለት ነው። ሰው ጉባኤ ቃና ሳይሞላለት መወድስ ልንገር ቢል ይሣቅበታል። በኑሮም እንዲሁ ነው። ገና በመጀመሪያው ዓመት ቤትና መኪና፥ ሹመትና ዝና የሚሻ ወጣት መወድስን ከጉባኤ ቃና በፊት የፈለገ ነው። የመጀመሪያው ደመወዝ ጥቂት ይሆናል፤ የመጀመሪያው ክፍል ጠባብ ይሆናል፤ ይህ የኑሮ ጉባኤ ቃና ስለ ሆነ ሊያፍርበት አይገባም።

ሁለተኛው የስሕተት ነገር ነው። ተማሪው ቀን ብቻውን ሆኖ የቈጠረውን ቅኔ ሄዶ ለመምህሩ ይነግራል። ቤቱ ያልሞላ፥ ምሥጢሩ ያልተስማማ እንደ ሆነ መምህሩ በጓደኞቹ ፊት ያርምለታል። ነገር ግን አንድ ጉባኤ ቃና ስለ ተበላሸበት ብቻ ከጉባኤው የተባረረ ተማሪ የለም፤ በማግሥቱ ሌላ ቈጥሮ ይመጣል። አሁን ግን በየቤቱ የሚታየው ከዚህ የራቀ ነው። በጥቂት ቀናት ፈተና የወደቀ ልጅ የዐሥራ ሁለት ዓመቱ ድካም ሁሉ ከንቱ እንደ ሆነ ይነገረዋል፤ እርሱም ያምናል። ፈተናው የመዘነው በዚያ ሰሞን በወረቀት ላይ የሰፈረውን ዕውቀት ነው። የልጁን ትጋት፥ ታማኝነቱን፥ የእጁን ብልኀት አልመዘነም፤ ሊመዝንም አልተሠራም።

የቀድሞውን ሥርዐት ሲያመሰግኑ ጕድለቱን መሸፈን ግን አይገባም። በዚያ መንገድ ረኃብ ነበረ፤ ወረርሽኝ ነበረ፤ ወደ አገሩ ሳይመለስ በሰው አገር የተቀበረ ልጅ ጥቂት አይደለም። ከሁሉም ይልቅ መንገዱ ለወንዶች ተከፍቶ ለሴቶች ተዘግቶ ነበር። ተዘግቶ የነበረውም ሴቶች ስለማይችሉ እንዳልሆነ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ምስክር ናቸው። እኒህ እናት ዐይነ ስውር ሲሆኑ ቅኔን ከአባታቸው ተምረው፥ በጎጃም ጽላሎ ጉባኤ ዘርግተው ብዙ ወንዶችን አስተምረዋል። እንግዲህ ዛሬ ልጃገረድ ሥራ ይዛ፥ ቤት ተከራይታ ብቻዋን ልኑር ባለች ጊዜ በክፉ ዐይን የሚያያት ሰው ሊያፍር ይገባዋል። ወንድሟ ሲወጣ «ጐበዝ» ተብሎ ከተሸኘ፥ እርስዋም በዚያው ምርቃት መሸኘት አለባት።

ሌላም ከቀደመው ዘመን የተወረሰ ክፉ ልማድ አለ፤ ይኸውም የእጅ ሥራን መናቅ ነው። ቀጥቃጩ፥ ሸማኔው፥ ሸክላ ሠሪዋ፥ ታንኳ ሠሪው ወይጦ ሁሉ በየስሙ ይሰደብ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ. ም. ባለ እጅ ሰው በሥራው እንዳይሰደብ የሚከለክል ዐዋጅ እስከ ማውጣት የደረሱት ነቀፋው ስለ በዛ ነው። ነገር ግን ይታሰብ፤ ያ የተናቀው ሰው ከደንገል ታንኳ ባይሠራ ኖሮ፥ ወደ ክብራንና ወደ ዳጋ፥ ወደ ጣና ቂርቆስም እህሉንና ዕጣኑን ማን ያሻግር ነበር? የዘጌ ሰውስ ቡናውንና እንጨቱን በምን ወደ ገበያ ያወጣ ነበር? ገዳማቱ በጸሎት ብቻ ሳይሆን በባለታንኳውም እጅ ቆመዋል።

የባሕር ዳር ከተማም ራስዋ የእጅ ሥራ ልጅ ናት። በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የነበረችው ትንሽ መንደር ከተማ የሆነችው በ1953 ዓ. ም. የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፥ በ1955 ዓ. ም. በሶቪየት ኅብረት ርዳታ የተቋቋመው የፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤት፥ በ1956 ዓ. ም. የጢስ ዓባይ የመብራት ኃይል ሲሠሩ ነው። የፖሊቴክኒኩ ትምህርት ቤት ኋላ በ1992 ዓ. ም. ከመምህራን ማሠልጠኛው አካዳሚ ጋራ ተዋሕዶ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆነ። እንግዲህ የዩኒቨርሲቲው አንዱ ሥር የሙያ ትምህርት ቤት ሆኖ ሳለ፥ «ልጄ ዩኒቨርሲቲ ሳይገባ ብየዳ ተማረ» ብሎ ፊቱን የሚሸፍን አባት ምን ይባላል? ብረት የሚበይድ፥ የመብራት ገመድ የሚዘረጋ፥ ሞተር የሚፈታና የሚገጥም፥ ልብስ የምትሰፋ፥ ምግብ የምታበስል ሁሉ እንጀራቸውን በላባቸው የሚበሉ ክቡራን ናቸው።

አሁን ወደ ስንቁ እንምጣ። በኢትዮጵያ ሕግ ሰው አካለ መጠን ደረሰ የሚባለው 18 ዓመት ሲሞላው ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በስሙ ይዋዋላል፤ በፊርማውም ይጠየቃል። ይህን ግን ብዙ ወላጆች ለልጆቻቸው አይነግሩም። ልጁ ፊርማው ዋጋ እንዳላት ሳያውቅ፥ ሳያነብ ፈርሞ፥ ወይም ላልታመነ ጓደኛ ዋስ ሆኖ ከዕዳ ይወድቃል። ስለዚህ የመጀመሪያው ስንቅ ያላነበቡትን አለመፈረም ነው።

ሁለተኛው ስንቅ የሥራን ሕግ ማወቅ ነው። በ2011 ዓ. ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ቍጥር 1156 እንደሚለው፥ መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፥ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም፤ የሙከራ ጊዜም ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። ውሉ በጽሑፍ ያልተደረገ እንደ ሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ነገር ጽፎ ለሠራተኛው ይሰጣል። ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 18 የሆኑትንም ወጣቶች በቀን ከ7 ሰዓት በላይ ማሠራት ክልክል ነው። ይህን የማያውቅ ወጣት «ገና ልምምድ ላይ ነህ» እየተባለ ወራት ሙሉ ያለ ደመወዝ ይሠራል፤ የሚያውቀው ግን ትሑት ሆኖ ድርሻውን ይጠይቃል።

ሦስተኛው ስንቅ የገንዘብ አያያዝ ነው። ደመወዝ በተቀበሉበት ቀን የቤት ኪራይን፥ የጤፍንና የሽሮን፥ የዘይትንና የመጓጓዣን ለይቶ ማስቀመጥ፥ ከቀረውም ጥቂት ለዕቁብ ማዋል ይገባል። ዕቁብ ትንሹን ገንዘብ የሚያከማች ብቻ አይደለም፤ ሰው ቃሉን መጠበቁ በየሳምንቱ የሚፈተንበት ጉባኤ ነው። ዕጣው ከወጣለት በኋላ መክፈል የሚተው ሰው ከገንዘቡ ይልቅ ስሙን ያጠፋል። ራሱን የቻለ ወጣት በሚኖርበት ሰፈር ዕድር ይግባ። ዕድር የሽማግሌ ነገር ብቻ የሚመስለው ብዙ ነው፤ ነገር ግን ሰው ለሌላው ሐዘን ድንኳን ሲተክልና ውኃ ሲቀዳ፥ የዚያን ጊዜ በእውነት የአገር ሰው ሆኗል።

አራተኛው ስንቅ ትንሽ ይመስላል። ሽሮ መሥራት፥ ልብስ ማጠብ፥ ቤት መጥረግ፥ ሲታመሙ ወደ ሐኪም መሄድ ነው። የቆሎ ተማሪ ይህን ሁሉ በገዛ እጁ ይሠራ ነበር። ወንድ ልጇን ማጀት አትግባ ብላ ያሳደገች እናት ያከበረችው ይመስላታል፤ ብቻውን በተከራየ ጊዜ ግን ደመወዙ በምግብ ቤት ሲያልቅ ያን ክብር ይረግመዋል።

ስንቅ ሳይዝ የወጣውን ልጅ የሚጠብቀው ማን እንደ ሆነ ይህ ጉባኤ ያውቃል፤ ደላላ ነው። ደላላው ለልጁ ያጣውን ስም ይሰጠዋል፤ «አንተ ጐበዝ ነህ፥ ውጭ ብትሄድ ቤተ ሰብህን ታኮራለህ» ይለዋል። ልጁም በመተማ በኩል ወይም በሌላ በረሓ፥ እናቱ ሳትሰማ ይወጣል። ከዚያም በኋላ የሚሰማው የስልክ ድምፅ ገንዘብ ላኩ የሚል ይሆናል። ወላጆች ይህን በሰሙ ጊዜ ደላላውን ይረግማሉ፤ መርገሙም ተገቢ ነው። ነገር ግን ደላላው ያንን ልጅ ያገኘው ቤቱ ዝም ባለው ጊዜ መሆኑ መዘንጋት የለበትም።

በወላጆችም ዘንድ ሁለት ስሕተት ይታያል። አንዳንዱ ልጁን ሳያዘጋጅ ይገፋዋል፤ «እኔ ባንተ ዕድሜ» እያለ ያስመርረዋል። አንዳንዱ ደግሞ አይለቀውም፤ ሃያ አምስት ዓመት የሞላውን ልጅ እንደ ሕፃን እያጎረሰ፥ ምክሩንም ሥራውንም እርሱ ይመርጥለታል። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በጫራ ጫራ ከ1988 ዓ. ም. ጀምሮ ውኃው በበር እየተመጠነ ይለቀቃል። በሩ ጨርሶ ቢከፈት ሐይቁ ይጐድላል፤ ቢዘጋ ደግሞ በታች ያለው ወንዝ ይደርቃል። ውኃው ለመብራት በተጠለፈ ጊዜ ያ ታላቅ የጢስ ዓባይ ፏፏቴ በበጋ ቀጥኖ መታየቱን የአገሩ ሰው ያስታውሳል። ልጅንም መልቀቅ እንዲሁ መጠን ያሻዋል። በዐሥራ አምስት ዓመቱ የገበያውን ሒሳብ፥ በዐሥራ ሰባት ዓመቱ የአንድ ወር የቤት ወጪ፥ በዐሥራ ስምንት ዓመቱ የራሱን ነገር በእጁ ቢሰጡት፥ የሚወጣበት ቀን ድንገተኛ አይሆንበትም።

ከወጣም በኋላ ደጁ አይዘጋበት። የደንገል ታንኳ ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ባለቤቱ በየጊዜው ወደ ዳር አውጥቶ ፀሐይ ያስመታዋል፤ ሲደርቅ ተመልሶ ይቀዝፍበታል። ሥራው የተቋረጠበት፥ ወይም ኪራይ የከበደው ልጅ ለጥቂት ወራት ወደ እናቱ ቤት ቢመለስ እንዲሁ ነው። «ተሸንፎ መጣ» የሚለው ሰው ታንኳውን ከዳር እንዳይደርስ ወደ ባሕር የሚገፋ ነው።

ይህ ደብርስ ምን ያድርግ? ሦስት ነገሮች ከዐቅሙ በላይ አይደሉም። አንደኛ፥ የፈተና ውጤት በተሰማ በማግሥቱ ሰንበት፥ ያለፈውም ያላለፈውም በአንድነት ቆመው ከካህናቱ ቡራኬ ይቀበሉ፤ ያለፉትን ብቻ መመረቅ የቀሩትን መርገም ይመስላልና። ሁለተኛ፥ በሰበካው ያሉ ባለ ሙያዎች፥ አናጢው፥ መካኒኩ፥ የሒሳብ ሠራተኛው፥ ነርሷ፥ እያንዳንዳቸው አንድ ወጣት ለአንድ ዓመት ከአጠገባቸው ያቁሙ፤ ታላቁ ተማሪ ታናሹን ያስጠና እንደ ነበረ ማለት ነው። ሦስተኛ፥ ከገጠር መጥተው ዘመድ ለሌላቸው ተከራዮች የንስሓ አባት ብቻ ሳይሆን የሚጠይቃቸው ቤት ይመደብላቸው፤ በበዓል ቀን ብቻውን የሚበላ ወጣት በዚህ አጥቢያ አይኑር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም ነው፤ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጥ ነው ይባላልና፥ ነገሩ ቢከፋፈል አይከብድም።

እናንተም ወጣቶች ሆይ፤ የሚጠራችሁ ስም ከወረቀት አይጠበቅ። ማለዳ ተነሥቶ ወደ ሥራው የሚሄድ፥ የተበደረውን የሚመልስ፥ ቃሉን የሚጠብቅ፥ እናቱን የሚጠይቅ ሰው ስሙ «ሰው» ነው፤ ይህንንም ስም ማንም ፈታኝ ሊሰጠው ወይም ሊነሣው አይችልም። ጉባኤ ቃናችሁን ዛሬ ቍጠሩ፤ ቢበላሽ ነገ ይታረማል።

የዘመናት ባለቤት እግዚአብሔር ለዚህ ደብር ሌላ ኢዮቤልዩ ያድርስልን፤ ዛሬ በደጅ የቆሙት ልጆችም ያን ጊዜ የገዛ ጎጆ ባለቤቶች፥ የሌላውም ልጅ መካሪዎች ሆነው እንዲገኙ ይፍቀድልን፤ አሜን።